ና ፓርዩን የሚባል ሰው

ሴኡል በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ኮሪያኛዬ ሱቅ ከመጠየቅና ታክሲ ከማስቆም አልፎ ወደ መጽሐፍ ሲጠጋ፣ የድሮ ጽሑፍ ንባብ የሚሉትን ትምህርት ወሰድኩ። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን አንድ ፎቶኮፒ ገጽ አደሉን። ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ ነው። ለእኛ ለጀማሪዎቹ አዝነው ቻይንኛ ፊደሎቹን በሙሉ ወደ ሃንጉል፣ ወደ ኮሪያው ፊደል፣ ገልብጠውልናል። ቤቴ ወስጄ፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ታገልኩት። በማግስቱ ተራዬ ደርሶ ምን እንደገባኝ ስጠየቅ፣ በልበ ሙሉነት፣ "ና ፓርዩን ስለሚባል የጦር አለቃ ነው። ደሴት ላይ ነው የተወለደው" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ብቻ አልሳቁም። "ጥሩ አንብበሃል። የዚያን ጊዜው አንባቢም እንዳንተው ነው ያነበበው" አሉኝ።

ና ፓርዩን ናፖሊዮን ነው። ለእኔ ግን ጎረቤቴ ነበር። "ና" የታወቀ የኮሪያ ቤተሰብ ስም ነው፤ አንድ ቀለም ለቤተሰብ፣ ሁለት ቀለም ለራስ፣ የአገሬው ስም ልክ እንዲህ ነው የሚቆመው። ሁዋ ሶንግዶን የሚባልም አለ፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ፒ ዱክ ደግሞ ታላቁ ጴጥሮስ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት። "ፒ" የሚባል ቤተሰብም ኮሪያ ውስጥ አለ፣ ጥቂት ቢሆንም። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አድሯል። ከአውሮፓ ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ፣ ከጃፓንኛ ወደ ቻይንኛ፣ ከዚያ ወደ ኮሪያ ገባ። ቻይናው ስሙን በድምፅ በሚቀርቡት ፊደሎች ጻፈው። ኮሪያዊው ደግሞ እነዚያኑ ፊደሎች ተቀብሎ በራሱ አነባበብ ጠራቸው። ናፖሊዮን ሴኡል ሲደርስ ኮርሲካ ከአፉ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

የአገር ስሞቹማ ይብሳሉ። አሜሪካ "ሚጉክ" ናት፤ በፊደሎቹ ፍቺ "ውብ አገር"። ፈረንሳይን በዚያ ዘመን "ቦፕጉክ" ይሏታል፣ የሕግ አገር። ጀርመን "ዶክጉክ"፣ የምግባር አገር። ማንም ሊያሞካሻቸው ብሎ አይደለም፤ ለድምፁ ብለው የመረጡት ፊደል ፍቺውን ይዞ መጣ። ግን እስቲ አስቡት፣ ስለ አንድ ንጉሥ ገና የመጀመሪያውን መስመር ስትጀምሩ አገሩ "ምግባር" እየተባለ ሲነበብ!

ከዚያ ቀን በኋላ ከእነዚህ መጻሕፍት መላቀቅ አልቻልኩም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዘመኑ አጭር ነው። በኅዳር 1905 ጃፓን ኮሪያን በውል ስም ከጥበቃዋ ሥር አስገባች። በ1907 ሐምሌ ንጉሠ ነገሥት ጎጆንግን ከዙፋን አወረደች፤ በነሐሴ መጀመሪያ ሠራዊቱ ተበተነ። በነሐሴ 1910 አገሪቱ ጨርሳ ተዋጠች። በእነዚያ አምስት ዓመታት መካከል፣ በተለይም በ1907 እና በ1908፣ የሴኡል ማተሚያ ቤቶች የውጭ ጀግኖችንና ነገሥታትን የሕይወት ታሪክ እንደ ጉድ አወጡ። ቢስማርክ በ1907 ወጣ። ጴጥሮስ፣ ዋሽንግተንና ናፖሊዮን በ1908። የፕሩሺያው ታላቁ ፍሬድሪክም በዚያው ዓመት መጣ፤ የሰባቱ ዓመት ጦርነት ታሪኩን ያወጣው ዩ ጊልጁን ነው፣ በጃፓንም በአሜሪካም ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኮሪያውያን አንዱ፣ ከጃፓን ስደቱ ገና መመለሱ ነበር። አገር እየሞተ ሳለ የሌላ አገር ንጉሥ ታሪክ ማን ያነባል? እነሱ አነበቡ። መድኃኒት ፍለጋ ነበር።

መድኃኒቱ የተቀዳበት ዕቃ ግን የቤት ዕቃ ነበር። እኔን የያዘኝም ይኸው ዕቃ ነው።

ዕቃው "ጆን" ይባላል። የፊደሉ ፍቺ "ማስተላለፍ፣ ለቀጣይ ማቀበል" ነው፤ የሰው ሕይወት ለትውልድ ሲቀበል ጆን ይሆናል። ሥሩ ቻይና ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ መቶ ዓመት ግድም የጻፈው ሲማ ቺየን ነው መልኩን ያበጀው። ኮሪያ ውስጥ በ1145 ኪም ቡሲክ "ሳምጉክ ሳጊ" የተባለውን የሦስቱን መንግሥታት ታሪክ ሲያጠናቅቅ፣ ከ50ው ጥራዝ 10ሩን ለጆን ሰጠ። ከ10ሩም ሦስቱን ለአንድ ሰው ለብቻው ለቀቀለት፣ ከሦስቱ መንግሥታት የአንዱ፣ የሺላ፣ የጦር አለቃ ለነበረው ለኪም ዩሺን።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ አባቱ ማን፣ አያቱ ማን እንደሆነ ይነገራል። ቀጥሎ ምልክት ይመጣል። የኪም ዩሺን አባት ሁለት ከዋክብት፣ ማርስና ሳተርን፣ ወደ እሱ ሲወርዱ በሕልሙ አየ። እናቱ ደግሞ የወርቅ ጥሩር የለበሰ ሕፃን በደመና ተጭኖ ወደ ቤቷ ሲገባ አየች። ከዚያ አረገዘች፤ ልጁም በ20 ወሩ ተወለደ። ሥራው የሚተረከው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ይፈርዳል። ሲማ ቺየን "ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ይላል" ብሎ ይጀምራል፤ ኪም ቡሲክ "ፍርዱ እንዲህ ነው" ይላል። በኋላ ዘመን በግላቸው የሚጽፉት ደግሞ ራሳቸውን "ከቤተ መንግሥት ውጭ ያለው ታሪክ ጸሐፊ" እያሉ ይፈርዱ ነበር። ይህ ስም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ማንም ያልሾመው ሰው ራሱን ሾሞ!

ገድል ሲነበብ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ደጋግ ወላጆች፣ ልጅ በማጣት ያዘኑ፣ ሕልም ያዩ፣ ከዚያ የተወለደው ሕፃን። የመጀመሪያውን የጆን ገጽ ሳነብ አያቴ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ ገድል በምልጃና በቃል ኪዳን ይዘጋል፣ ጆን በፍርድ።

ትውልዱ ያልታወቀ ሰው ቢገጥምስ? ከሦስቱ መንግሥታት የሌላው፣ የጎጉርዮ፣ የጦር አለቃ ኡልጂ ሙንዶክ በ612 የቻይናውን የሱይ ሥርወ መንግሥት ሠራዊት በሳልሱ ወንዝ ፈጀው። ሳምጉክ ሳጊ እንደሚለው የተሻገሩት 305,000 ነበሩ፣ የተመለሱት 2,700። ይህን ያህል ሥራ የሠራ ሰው የት ተወለደ? ኪም ቡሲክ ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ትውልዱ በዝርዝር አይታወቅም ብሎ ጻፈ። ቦታው ባዶ ሆኖም ቦታው አለ። ይህን ባዶ ቦታ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጆን ለንጉሥና ለጦር አለቃ ብቻ አልቀረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓክ ጂዎን ሰገራ እየዛቀ ለሚያድር ሰው ጆን ጻፈለት፣ ለለማኝም ጻፈ። በሌላ በኩል ሕዝቡ የሚወደው የሃንጉል ልቦለድ ስሙን ከዚሁ ቃል ወሰደ፤ የእገሌ ጆን፣ የእገሊት ጆን እየተባለ። እነዚህን የሚያነብ ባለሙያ ነበረ፤ ገበያ መካከል ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ነገሩ ልብ ሰቃይ ሲሆን ድንገት ጸጥ ይላል። ሰሚው ቀጥሎ የሆነውን ለማወቅ ሳንቲም ይወረውራል፣ እሱም ይቀጥላል። በ1790 መዛግብት የተጻፈ አንድ ነገር አለ። ሴኡል ጆንግኖ፣ አንድ የትምባሆ ሱቅ። አንባቢው ያነባል፣ ሰዎች ከበው ይሰማሉ። ባለታሪኩ ጀግና ተስፋ ከሚያስቆርጠው መከራ ላይ ሲደርስ፣ ከሰሚዎቹ አንዱ ዓይኑ ፈጦ፣ አረፋ ደፍቆ፣ የትምባሆ መክተፊያውን ቢላ አንሥቶ አንባቢውን ወጋው። ሰውየው እዚያው ሞተ።

ይህን ያነሣሁት ለማስደንገጥ አይደለም። የናፖሊዮንና የጴጥሮስ መጻሕፍት ወደ ምን ዓይነት ጆሮ እንደመጡ ይታወቅልኝ ብዬ ነው። የጀግና ታሪክ እዚያ ከተማ ውስጥ ቢላ ያስነሣ ነበር።

የተማሩት ይህን ያውቁ ነበር፣ ይጠሉትም ነበር። ፓክ ኡንሺክ በ1907 የስዊሱን የዊልሄልም ቴልን ታሪክ ሲያወጣ፣ መግቢያው ላይ በአገሩ ልቦለዶች ላይ ወረደባቸው። ሕዝቡ እጅ ላይ ያሉት የሃንጉል ታሪኮች ከንቱና ጎጂ ናቸው፣ አገር የሚያነቃ ነገር ይነበብ የሚል ነው ነገሩ። ልክ ነው ብዬ ላልፍ ነበር። ግን ያን ሕዝብ ማንበብ ያስለመዱት እነዚያው ከንቱ የተባሉት መጻሕፍት ናቸው። ጠላቸው፣ ግን አንባቢያቸውን ፈለገው።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የገባው ለእኔ ጃንግ ጂዮን ነው። ጃንግ የጋዜጣ ሰው ነው። በኅዳር 20 ቀን 1905፣ ውሉ በተፈረመ በሦስተኛው ቀን፣ "ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቅሳለሁ" የሚል ርእሰ አንቀጽ ጽፎ ታሰረ፣ ጋዜጣውም ታገደ። ያን ልቅሶ የጻፈው በምሁራን ቋንቋ፣ ቻይንኛ ፊደል ባጨቀ ጽሑፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1907፣ ስለ ፈረንሳይዋ ዣን ዳርክ ሲጽፍ ግን ንጹህ ሃንጉል መረጠ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ገበሬውም እንዲያነበው። የመጽሐፉ ስም "አገር ወዳዷ እመቤት" እንደማለት ነው። ዣን ገዢ አይደለችም፣ ገዢን ዘውድ ያስደፋች ልጅ ናት። ግን አሠራሩን እንደሷ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የለም።

መጽሐፉ "ሁዋሶል" ብሎ ይጀምራል። ይህ ቃል የድሮ ልቦለድ መክፈቻ ነው፣ ትርጉሙ ከእኛ "እነሆ ታሪኩ" ብዙ አይርቅም። ሲሰሙት ጀርባ ይመቻቻል፣ ልጅ ዝም ይላል። ከዚያ ከአምስት መቶ ምናምን ዓመት በፊት፣ በአውሮፓ ክፍለ ዓለም፣ ፈረንሳይ በምትባል አገር አንድ መንደር ነበረ፣ በመንደሩም አንድ ገበሬ ነበረ እያለ ይቀጥላል። መጽሐፉ በ10 ክፍል ነው የተከፈለው፣ የድሮዎቹ ልቦለዶች እንደሚከፈሉት። ዣን "ያግአን" ተብላለች። ብልህ ሆና ነው የተወለደችው፤ የጀግና ልጅ ሌላ ሊሆን አይችልም። መጨረሻው ላይ ጸሐፊው እንደ ጥንቱ ፈራጅ ብቅ ይላል። ፍርዱ ግን በሟቿ ላይ አይደለም፤ ፊቱን ወደ አንባቢው ያዞርና እንደ ያግአን ያለ ጀግና፣ እንደ እሷ ያለች አገር ወዳድ ሴት በእኛ አገር ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃል።

ሺህ ዓመት "ፍርዱ እንዲህ ነው" ሲባልበት የኖረ ቦታ ላይ ጥያቄ አስቀመጠበት። ይህችን ገጽ ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ፤ ተነሥቼ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ገዢዎቹ። ዋሽንግተን ለጆን ከባድ ፈተና ነው። ሰይፍ አንሥቶ አገር አቀና፣ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፣ ጀግና ነው። ከዚያ ግን ዙፋን አልያዘም፣ ለልጅ አላወረሰም፣ ቤቱ ገባ። ንጉሥን በትውልድ የሚጀምር ጽሑፍ ይህን ምን ያደርገዋል? መልሱ ቀደም ብሎ ከቻይና መጥቶ ነበር። ሹ ጂዩ የሚባል የቻይና ባለሥልጣን በ1848 ባወጣው የዓለም መልክዐ ምድር መጽሐፉ ዋሽንግተንን ከቻይና ታሪክ ሰዎች ጋር አሰለፈው። በዐመፅ ሲነሣ ከታወቁት ዐመፀኞች የበለጠ ደፋር፣ ግዛት ሲይዝ ከጥንቶቹ የጦር አለቆች ከእነ ጻው ጻው የበለጠ ኃያል፣ ግን ሦስት ክንድ ሰይፉን ይዞ ያን ሁሉ ምድር ከከፈተ በኋላ ንጉሥ አልተባለም፣ ለዘሩም አላወረሰም አለ። ይህም "ከሰማይ በታች ያለው ሁሉ የጋራ ነው" ወደሚለው የጥንት ሐሳብ እንደሚቀርብ ጻፈ። ቃሉ በ1853 ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ለዋሽንግተን መታሰቢያ ሐውልት ተላከ፣ ዛሬም እዚያው ነው። መጽሐፉ ወደ ኮሪያም ገብቷል፤ የኮሪያው ምሁር ቼ ሃንጊ በ1857 የራሱን የዓለም መጽሐፍ ሲያጠናቅር ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ኮሪያዊው ደራሲ ዪ ሄጆ በ1908 የሁዋ ሶንግዶንን ጆን ሲያሳትም፣ አንባቢው ይህን ሰው የሚያስቀምጥበት ወንበር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዙፋናቸውን ለልጅ ሳይሆን ለሚገባው የለቀቁት የጥንት የቻይና ነገሥታት፣ ያኦና ሹን የተቀመጡበት ወንበር። ፕሬዚዳንት ምን እንደሆነ በሕግ ቋንቋ ቢነገረው ላይገባው ይችላል። ያኦ ግን ይገባዋል።

አንዳንዱ ይህን ማዛባት ይለዋል። እኔ አልልም። ሰው የማያውቀውን የሚያውቀው በሚያውቀው በኩል ነው።

ጴጥሮስ ላይ ግን ሆዴ ይሻክራል። የወደዱለትን አውቃለሁ፤ በ1697 ማንነቱን ደብቆ ሆላንድ ሄዶ፣ መጥረቢያ ይዞ፣ ከአናጺዎች ጋር መርከብ መሥራት የተማረውን ንጉሥ ነው የወደዱት። ተማሪ ንጉሥ! መጽሐፍ ሲያነቡ ለኖሩት ለኮሪያ ምሁራን ከዚህ የበለጠ ምን አለ? የገዛ ልጁ አሌክሲስ በ1718 በእስር ቤት መሞቱስ? አባትና ልጅ የመጀመሪያው ሕግ በሆነበት አገር ይህ እንዴት ይዋጣል? ደግሞም ሩሲያ ሩቅ አገር አልነበረችም። ጎጆንግ ራሱ ከየካቲት 1896 ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ ሴኡል ባለው የሩሲያ ሌጋሲዮን ተሸሽጎ የኖረ ንጉሥ ነው፤ ሩሲያና ጃፓን በ1904 የተዋጉትም ገሚሱ በኮሪያ ጦስ ነው። ናፖሊዮን፣ ቢስማርክ፣ ፍሬድሪክም ያው ናቸው፤ የጎረቤት መሬት ወራሪዎች። እየተወረረ ያለ ሕዝብ ወራሪዎችን ለምሳሌ መረጠ። ጆን ጀግናውን እንጂ በጀግናው እግር ሥር የወደቀውን እንዲያይ አልተሠራም፤ የሳልሱን ወንዝ ሲተርክ 302,300ውን ሟቾች በቁጥር ነው ያለፋቸው። ዕቃው የሚሸፍነውም አለው።

ይህ የከነከነው ሌላም ሰው ሳይኖር አልቀረም። ታሪክ ጸሐፊው ሺን ቼሆ በ1907 የጣሊያንን ሦስት ጀግኖች፣ ማዚኒን፣ ጋሪባልዲንና ካቩርን፣ ከቻይናው ሊያንግ ቺቻው መጽሐፍ ወደ ኮሪያኛ መልሶ ነበር። (በማግስቱ ዓመት የቋንቋው ሊቅ ጁ ሺግዮንግ በንጹህ ሃንጉል ደግሞ አወጣው።) ሺን ግን በ1908 ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ስለ ኡልጂ ሙንዶክ መጽሐፍ ጻፈ። ያ ትውልዱ ያልታወቀው የጦር አለቃ! በሳምጉክ ሳጊ ያለው ታሪኩ ጥቂት ገጽ አይሞላም። ሺን ከዚያች ጭብጥ ወሬ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ። ኪም ቡሲክ ክፍት የተወውን የትውልድ ቦታ አገሩን አስገባበት፤ ሰውየው የሕዝብ ልጅ ሆነ። ይህን ከየት ተማረው? ከጣሊያኖቹ ይመስለኛል። ጋሪባልዲ በኮሪያ ዕቃ ተቀድቶ ገባ፣ ዕቃው በተራው የጋሪባልዲን ሽታ ይዞ ቀረ። ከዚያ ሺን በጋዜጣ ላይ የባሕር ኃይሉን አለቃ ዪ ሱንሺንን ጻፈ፣ ቀጥሎ የጥንቱን የጦር አለቃ ቼ ዮንግን። ከኡልጂ ጋር ሦስት። እንደ ጣሊያኖቹ ሦስት።

በየካቲት 1909 የኅትመት ሕግ ወጣ፣ መጻሕፍቱ ይታገዱ ጀመር። ከ1910 በኋላማ ብዙዎቹ ከገበያ ጠፉ።

የትምህርቱ የመጨረሻ የቤት ሥራ፣ ከአገራችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ በጥንቱ ሥርዓት አንድ ገጽ ጆን ጻፉ የሚል ነበር። ስለ አያቴ ጻፍኩ። (ኮሪያ ውስጥ አያት ስታነሡ "ቃኘው ዘማች ነበሩ?" ይላችኋል ሁሉም። አልነበሩም፤ ሸማኔ ነበሩ።) የመጀመሪያው መስመር እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ፣ እስከ ሰባት ቤት። ሕልሙንም አገኘሁለት፣ ቅድመ አያቴ አየሁት ይሉ የነበረውን። ሥራቸውንም ጻፍኩ፣ ጉድጓዱን፣ መወርወሪያውን፣ ቅዳሜ ገበያውን። ፍርዱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እሳቸውን ልፈርድ እኔ ማን ነኝ ብዬ ባዶ ቦታ ትቼ አስረከብኩ።

በሳምንቱ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ባዶው ቦታ ላይ መምህራችን በቀይ እስክርቢቶ አንዲት መስመር ጽፈውበታል፦ "ከቤተ መንግሥት ውጭ ያለው ታሪክ ጸሐፊ የት ሄደ?"